ሁሉን ሞካሪ

ሐረጎን ስወርድ፣ ጉሙ መሬት ነክቶ፣
ጎማዬ እንደ ሽማግሌ ድድ ጥርሱን ጨርሶ ሟሽቶ፣
ኮምቦልቻ ገባሁ፤ ከሙህዬ ደጅ ቆምኩኝ፤
«ትልቁን አምጣልኝ፣ ገጣጣውን» አልኩኝ።
«ያንን፣ ጥርሱ እንደ ማረሻ የወጣውን፣
በሩቅ ሲያዩት ሰውን መንገድ የሚያስለቅቀውን።»

ሙህዬ አልመለሰም። እጁን በጨርቅ አብሶ፣
ከፊት ጎማዬ ሥር ቁጢጥ አለ፣ መነጽሩን ካናቱ ወደ ዓይኑ መልሶ።
ጣቱን በጎድጓዳው ቀስ አድርጎ ሰዶ፣
አነበበኝ እንደ ደብዳቤ፣ ፖስታውን ቀዶ።
«ቁልቁለት ላይ ፍሬን ትረግጣለህ አብዝተህ፤
ማርሽ መቀነሱን ሰንፈህ ይሁን ረስተህ።
ይኼ ጎኑ የተላጠው ፒያሳ፣ ከካፌው በር፣
የእግረኛ ጠርዝ ስትወጣ ነው፣ እንዲታይልህ ክብር።»

ሳቅሁ። ውሸት አልነበረም።

«ከሳምንቱ ስንቱ ቀን ጭቃ ነው? ስንቱስ ፒስታ?
ያን ሳልሰማ ጎማ አልሸጥም፤ እኔ'ኮ ነኝ ጎሚስታ።»
ቆጠርኩ። ሰኞና ማክሰኞ ደሴ ኮምቦልቻ፤
ሐሙስ ከሰዓዳ ጋር፣ ከከብት ሐኪሟ፣ ለክትባት ብቻ፣
ወደ ኩታበር፣ ከዚያም ከአስፋልቱ ወጥቶ፣
ድንጋዩ እንደ ቢላ ስለቱን አውጥቶ።
ቅዳሜ ሠርግ አለ፣ ሙሽራ ማመላለስ፤
እሑድ... እሑድ ቆሜ ነው፣ ነዳጅ እስኪደርስ።

«እንግዲያው» አለ ሙህዬ፣ «ገጣጣውን ተወው፤
አስፋልት ላይ ሲጮህ ሙሽራዋን ነው የሚያስለቅሰው።
ለዋልካ ጌታ ነው፤ ለእርጥብ ቁልቁለት ግን ባዳ፤
ሐረጎ ላይ ሲያንሸራትትህ አይከፍልልህም ዕዳ።»
ከጥግ አንከባሎ አመጣ መካከለኛውን፤
ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጭቃ ሲገባው የሚተፋውን፣
ሸራ የደራረቡለትን፣ ስለት የማይፈራውን።
ጎኑ ላይ አራት አኃዝ፤ የልደቱ ሳምንትና ዓመት።
«ይህን ጠይቅ፤ ሳይሄድም ያረጃል ጎማ፣ ተኝቶ በሱቅ ቤት።»

«ሁሉን ቻይ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቆጣ አለ፣ ቀና ብሎ፤
«ሁሉን ቻይ አላህ ነው። ጎማ ምን ቆርጦት እሱን አክሎ!
ይህ ሁሉን ሞካሪ ነው።»

ዋጋውን ሰማሁ፤ አራቱ ሁለት በሬ ይገዛል።
«ቀንስ» አልኩት። «ይቀነሳል፤ ግን ጥርሱም አብሮ ይደነዝዛል።»

የድሮውን ሲፈታ፣ ከቸርኬው ሲያላቅቀው፣
በመፍቻው ጫፍ አንድ ጠጠር ከጥርሱ መሃል ፈለቀቀው፤
ነጭ፣ ለስላሳ፣ የወንዝ ጠጠር።
«ይኼ ከየት ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ፤ አልቻልኩም ልናገር።

ከገራዶ በታች ነው፤ ባለፈው ነሐሴ፣
አክስቴን ሲቀብሯት፣ ልደርስ ወጥቼ ከደሴ፣
ወንዙ ዳር ጎማዬ ባዶ እየዞረ ጉድጓድ ቆፈረ፤
ማዶ ሌላ ጉድጓድ ነበር፤ ያለ እኔ አፈር ለብሶ አደረ።
ጥላ የዘረጉትን ሰዎች አንድ ባንድ መለየት እችል ነበር።
መኪናዬ ያን ቀን የሠርግ ጎማ ነበር የተጫማው።

ይህን ለሙህዬ አልነገርኩትም።
«ከመንገድ ነው» አልኩ። ጠጠሩን ጠርጎ ሰጠኝ፤
ምን እንደገባው እንጃ፣ አንድ ሺህ ብር ቀነሰልኝ።
«ጭቃ ሲይዝህ» አለ፣ «ንፋሱን አርግብ፤ ሰፋ ብሎ ይረግጣል።
ስትወጣ መልሰህ ንፋው፤ እንደረገበ የሮጠ ጎማ ይፈርጣል።»
ካሮጌዎቹ የተሻለውን ለስኮርታ አስቀረሁ፤
ሦስቱን ለጋሪ ሠሪው ተውኩለት፣ ቁልፌን ይዤ ዞርኩ።

ሐረጎን ስወጣ መሸ። ዝናቡም አልቀረ፤
ከወለሉ ሥር እንደ ሩቅ ወፍጮ ጉርምርምታ ጀመረ።
ጠጠሩ ከሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ በየጠምዛዛው ይንኳኳል፤
ሬዲዮኑን ብከፍትም፣ ከሬዲዮኑ በላይ ይሰማል።
ሐሙስ ኩታበር ነኝ። ዓርብ ግን ማንም አልቀጠረኝም፤
ወንዙን ሄጄ አየው ይሆናል፣ ውኃው ቢጎድል ባይጎድልም።